ሁሉም «አላውቅም» ያሉበት መዝገብ

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ሰውን ዓይቶ የሚያውቅ ከእኔ በላይ አልተወለደም። መንገደኛው ገና ከማዶ ብቅ ሲል፣ ጋቢውን እንዴት እንዳጣፋ ዓይቼ ከየት እንደ መጣ፣ ምን እንደ ተማረ፣ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚሆነው እነግራችኋለሁ። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ከሆነማ ጨርሶ አይቸግረኝም፤ አካሄዱን ዓይቼ ስንት ውሻ እንደ ነከሰው፣ የትኛው ባቱ ላይ እንደ ነከሰው ሳይቀር እቆጥራለሁ።

ይህን ቃል በቃል የተናገርሁት ለጣልያኑ ካፒታኖ ነው። ሞኙ አመነኝ። ከእሱ የባስሁት ሞኝ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ስናገረው ራሴም አመንሁት። በዚህ ጦስ ሃያ ሦስት ሰው ድንጋይ ሲፈልጥ ከረመ። እንግዲህ ይህን ሳወራ በየመካከሉ ብሳደብ ይቅር በሉኝ። ጊዜው አልፏል፤ ንዴቱ ግን አላለፈልኝም።

ጣልያን ከተማችን ገብቶ ከርሟል። ካፒታኖው ከከተማው በላይ ባለው ጉብታ ላይ ሽቦ አጥሮ፣ ባንዲራውን ሰቅሎ ተቀምጧል። ከሽቦው ውጭ ያለው ገደል ሁሉ የአርበኛ ነው፤ ከሽቦው ውስጥ ያለው ደግሞ የወረቀት። እኔ በዚያን ጊዜ ገበያው ዳር፣ ከወይራው ሥር ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻና ደብዳቤ የምጽፍ ነበርሁ። ጣልያንኛውን የተማርሁት አሥመራ አራት ዓመት በቅሎ ስጭን ነው፤ እሱን እንኳ እውነት እችላለሁ። ያን ሰሞን ስለ ራሴ ካወራሁት ሁሉ እውነት የነበረው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ቀን ጣልያን ከመረብ ማዶ ካመጣቸው ወታደሮች አንዱ፣ አስካሪ የምንላቸው፣ መጥቶ ከፊቴ ቆመ።

«ካፒታኖው ይፈልግሃል» አለኝ።

«ለምን?»

«ቢነግረኝማ ይህን ሁሉ ዳገት ምን አስወረደኝ?»

ከጻፍኋቸው ማመልከቻዎች የትኛው እንደ ተያዘብኝ በልቤ እያሰላሁ፣ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ምክንያት እያዘጋጀሁ ወጣሁ። ስደርስ የቀረበልኝ ክስ ሳይሆን ወረቀት ሆኖ አገኘሁት። ወረቀት አልሁ እንጂ የሚለበስ ነጠላ ነው የሚያህለው፤ ጠረጴዛው አልበቃው ብሎ ጫፉ መሬት ነክቷል። ከላይ እስከ ታች በመስመር ተከፋፍሏል።

ካፒታኖው ጥፍሩ የጠራ፣ ቀለም እንዳይነካው ብዕሩን በሁለት ጣት ጫፍ የሚይዝ ሰው ነው። ጽድት ያለውን ጥፍሩን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ያስረዳኝ ጀመር።

«በዚህ አገር በየተራራው ተማሪ አለ። ዓሥር ዓመት ይማራል፣ ዓሥር ዓመት ይለምናል፤ ከዚያ ወዲያ ምን ይሆናል? የሚያውቅ የለም። በእኔ አገር ትምህርትና ሥራ የሚገናኙት ወረቀት ላይ ነው። አንተ እያንዳንዱ ተማሪ የሚያውቀውን ትጽፍልኛለህ። እኔ ለሚያውቀው የሚስማማውን ሥራ እሰጠዋለሁ።»

ነገሩ ሲሰሙት ደግ ይመስላል። ለእኔም መሰለኝ። ተማሪ ከደብር ደብር የሚዞር ፍጥረት እንደ ሆነ፣ የሚዞር ሰው ደግሞ ለአርበኛው ወሬ ሊያደርስ እንደሚችል፣ ሰውዬው የፈለገው እግሩን አንድ ቦታ መቸንከር እንደ ሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ያኔ የታየኝ ወረቀቱ ብቻ ነው። አምስት ረድፍ አለው፦ ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ የሚያውቀው፣ የሚሰጠው ሥራ። አምስተኛውን የሚሞላው ራሱ ካፒታኖው ነው። ሰው ዓይቼ አውቃለሁ የሚለውን ያን ጉራዬን የነዛሁለት እዚህ ላይ ነው።

«እስቲ እጅህን ልየው» አለኝ። «መጀመሪያ የራስህን መስመር ሙላ።»

የሚያውቀው በሚለው ላይ ስደርስ እጄ አልቆም አለ። ዳዊት በቃሉ፣ ጾመ ድጓ፣ ድጓ፣ ቅኔ፣ ጣልያንኛ፣ ዓረብኛ፣ የመሬት ልክ፣ የመድኃኒት ሥር። ቦታው ስላለቀብኝ ነው ያቆምሁት እንጂ ከብት ማዋለድም ሊከተል ነበር። ካፒታኖው አንብቦ አንገቱን ነቀነቀና አምስተኛው ረድፍ ላይ «ጸሐፊ» ብሎ ማኅተሙን መታበት። ጸሐፊ ማለት ለመንገድ ሥራ የማይታፈስ ማለት ነው። ከቢሮው ስወጣ ምድር አልበቃችኝም።

ከሽቦው በር ሳልደርስ መልሶ ጠራኝ።

«ስማ። የሚሉህን ብቻ ጻፍ። ከራስህ አንዲት ቃል እንዳትጨምር።»

ይህ ትእዛዝ ለእኔ ዓይነት ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ ማን በነገረው። ዕድሜ ልኬን ሳልጨምር የጻፍሁት ያን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም እንዲህ ሆኖ ወጣ።

በማግስቱ ከአስካሪው ጋር ወደ አንበሳሜ በሚወስደው መንገድ ወጥተን፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ካለ የድጓ ቤት ደረስን። የተማሪዎቹ ጎጆዎች ከማነሳቸው የተነሣ ባለቤቱ ሲተኛ እግሩ ውጭ ነው የሚያድረው። መምህሩ፣ የኔታ፣ ግንብ ተደግፈው ቁርበት ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ከጠፋ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው፤ ያን ሁሉ የዓመት ዜማ፣ ድጓውን፣ ከነምልክቱ በጆሯቸው ይዘውታል። ከሩቅ ጥግ አንዱ አንዲት ድምፅ ከሳተ «አንተ የእስቴው፣ መልሰህ ና» ይላሉ። የእስቴው መልሶ ይመጣል።

«እንደምን ዋሉ፣ የኔታ» አልሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማነህ አንተ? ድምፅህን የማውቀው ይመስለኛል።»

«ገበያ ላይ ሰምተውኝ ይሆናል።»

«እኔ ገበያ ወጥቼ አላውቅም» አሉ።

ነገሩን ቶሎ ለወጥሁት። ስለ መዝገቡ አስረዳኋቸው፤ የተማሪው ትምህርት ተጽፎ፣ ለሚያውቀው የሚስማማ ሥራ እንደሚሰጠው።

«ሥራ ፈተው ነው ያገኘሃቸው?»

«እንዲያ ማለቴ አይደለም፣ የኔታ። መንግሥት ነው እንዲህ ያሰበው።»

«የትኛው?»

አስካሪው ሳል ያዘው፤ ዞር ብሎ እስኪለቀው ጠበቀ። እኔ ወረቀቱን ዘረጋሁ።

«በል ጠይቃቸው እንግዲህ» አሉ የኔታ፤ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ሳቡ።

የመጀመሪያው የጋይንት ሰው ነው፤ ስድስት ዓመት ተቀምጧል፤ የተቀመጠበትን ዓመት ከስሙ ጎን አሰፈርሁ።

«ምን ታውቃለህ?»

«ምን አውቄ፣ ጌታው። ገና ደጅ መጥናቴ ነው።»

ጻፍሁ፦ ምንም አያውቅም።

«አንተስ?»

«እኔማ ከነዚህ መካከል ለቁራሹ ብዬ የተጠጋሁ ነኝ።»

ጻፍሁ፦ ምንም አያውቅም።

ሦስተኛው ጭንቅላቱ ድንጋይ እንደ ሆነ ነገረኝ። አራተኛው የኔታን ከማድከም በቀር የረባው ነገር እንደሌለ። እንዲህ እያለ ሃያ ሁለት ሆኑ። ብዕሬ ያቺን ቃል ከመልመዱ የተነሣ ሰውየው ሳይናገር መጻፍ ጀምሯል።

እንግዲህ እናንተም እንደምታውቁት፣ በእኛ አገር ተማሪ የኔታ በሕይወት ሳሉ፣ ያውም ፊታቸው ቆሞ፣ «እኔ ይህን አውቃለሁ» ብሎ አፉን አይከፍትም። ስለ ተማሪው የሚመሰክሩት መምህሩ ናቸው። ስለ ራሱ የሚመሰክር ተማሪ ያን ዕለት የቁራሽ መያዣውን፣ አኩፋዳውን፣ አንሥቶ ቢሄድ ለምን ሄደ የሚል የለም። ይህን ጥጃ የሚጠብቅ ሕፃንም ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ፤ ከማንም ይልቅ የማውቅበት ምክንያትም ነበረኝ። ግን ወረቀቱ ልቤን ወስዶታል። በአራት ጥግ መስመር ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚሰለፍ ጽሕፈት የሰው አእምሮ እንደሚያሳጣ በራሴ ዓይቻለሁ። ያ ሁሉ «ምንም አያውቅም» ከላይ እስከ ታች እንደ ደመራ እንጨት ተደርድሮ ሳየው እንዲያውም ደስ አለኝ።

ሃያ ሦስተኛው ኪዳኑ የሚባለው ነው። ዓይናማ፣ ደረቱ ሰፊ ጎልማሳ ነው። የኔታ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ታናናሾቹን የሚያስተምር እሱ ነው። ከድጓው የቀረው የፋሲካው ክፍል ብቻ ነበር፤ እሱን ከየኔታ አፍ ከተቀበለ ወንበሩ የእሱ ይሆናል። የኔታ ደግሞ ደረታቸው እየነፋ፣ ሌሊቱን እየጨነቃቸው፣ የሚመጣውን ክረምት የሚሻገሩ አይመስሉም። ቢያልፉ በዚያ ቤት ያን ዜማ የሚቀጥል ከኪዳኑ በቀር ሰው የለም። ይህን ሁሉ የነገረኝ ደጅ ላይ እንጨት የሚፈልጥ አንድ ዲያቆን ነው፤ ለመዝገቡ አይጠቅምም ብዬ ተውሁት።

«ምን ታውቃለህ?» አልሁት ኪዳኑን።

«ከሁሉ የባስሁት እኔ ነኝ» አለኝ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ። «ዘጠኝ ዓመት ሰምቶ ያልገባው ሰው ከፈለግህ ይኸውልህ።»

የኔታ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። እኔም በራልኝና ጻፍሁ፦ ዘጠኝ ዓመት ተምሮ ምንም አልገባውም።

ልንነሣ ስንል መላኩ የሚሉት ከጎጆው እያዛጋ ወጣ። ከሦስት የዜማ ቤት የተባረረ፣ ጓደኞቹ ለምነው ያመጡትን ቁራሽ እየቀደመ በመብላት ከጋይንት እስከ ፎገራ ስሙ የተነሣ ሰው ነው።

«ምን ታውቃለህ?»

«ምን የማላውቀው አለ?»

ዳዊት አለ፣ ድጓ አለ፣ ቅኔ አለ፣ አቋቋም አለ፣ ኮከብ መቁጠር አለ፣ ጠመንጃ መፍታት አለ። ተማሪዎቹ መሬት መሬት አዩ። የኔታ በአፍንጫቸው ተነፈሱ። እኔ ግን የሚሉህን ጻፍ ተብያለሁ፤ እያላበኝ ጻፍሁለት። በዚያ መዝገብ የተሞሉት መስመሮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ የእኔና የመላኩ።

ካፒታኖው መዝገቡን ሲያነብ ሳቀ። ሳቁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ ተቀምጦ ኪራይ አይከፍልም።

«አላልሁህም?» አለኝ። «ስድስት ዓመት፣ ምንም። ስምንት ዓመት፣ ምንም። ይኸኛው ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ሰምቶ ምንም አልገባውም። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይሠራል?»

መልሱን አልጠበቀም። ማኅተሙን አንሥቶ አምስተኛው ረድፍ ላይ ቁልቁል ይመታ ጀመር፦ ድንጋይ፣ ድንጋይ፣ ድንጋይ። ሃያ ሦስት ጊዜ። የሚመታው ጠረጴዛውን ይሁን እንጂ እኔ በማጅራቴ ነበር የምሰማው። መላኩ ጋ ሲደርስ ቆመና ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ጻፈ፦ የድጓው ቤት ኃላፊ።

በሳምንቱ አስካሪዎች ሄደው ሃያ ሦስቱን አሰልፈው ወደ ጎንደር በሚሠራው መንገድ ላይ አወረዷቸው። መላኩ ቆብና ፊሽካ ተሰጠው። ቆቡ ጆሮውን ሸፍኖታል። ባዶዎቹ ጎጆዎች ፊት ቆሞ ፊሽካውን ይነፋል፤ የሚመጣለት የለም፤ ደግሞ ይነፋል። ትምህርትና ሥራ በወረቀት ሲገናኙ እንዲህ ያምራል እንግዲህ። እኔ ያን ፊሽካ የሰማሁ ዕለት ነው ደሜ የፈላው። የፈላው ደግሞ በማን ላይ እንደ ሆነ አላውቅም፤ ግማሹ በካፒታኖው ላይ ነው፣ ግማሹን ግን የት እንዳደርሰው ቸግሮኝ ይዤው ዞርሁ።

ይዤው ሄጄ ቢሮው ገባሁ።

«ጌታዬ፣ ሰዎቹ ያውቃሉ።»

«ዋሽተውኛል ማለት ነው?»

«አልዋሹም። ትሕትና ነው። አውቃለሁ ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው።»

ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። «ትሕትና የሚል ረድፍ አሳየኝ።»

አልነበረም።

«የሚያውቅ ሰው አውቃለሁ ይላል» አለ። «ራሳቸው በአፋቸው ያሉትን ራሳቸው በአፋቸው ይመልሱት። ያን ጊዜ አርመዋለሁ።»

ይህችን እንደ ትልቅ ነገር ይዤ ወደ መንገዱ ሮጥሁ። ኪዳኑን ያገኘሁት አቧራ ለብሶ ነው፤ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ የሰባ ዓመት ሰው መስሏል። መዶሻውን አሳርፎ ቀና አለ። እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ ነው የሚናገር።

«ኪዳኑ፣ አንዲት ቃል ብቻ ነው የምትጠየቅ። አውቃለሁ በል።»

«እንዴት ብዬ?»

«በአፍህ ነዋ፣ በምን ልትለው ኖሯል?»

«የኔታ ሳሉ?»

«የኔታ እዚህ የሉም።»

«ጆሯቸውን አታውቀውም» አለኝ።

ለመንሁት፣ ተቆጣሁት፣ ሰደብሁት። ሌሎቹም መዶሻቸውን አቁመው ያዩኛል። የጋይንቱ ከት ብሎ ሳቀ።

«ጌታው» አለኝ፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ልትጽፍብን መጣህ? ድንጋይም አያውቁም ብለህ ጻፍና ወደ ቤታችን እንግባ።»

ሁሉም ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል ሆኖ አለቀ።

ኪዳኑ ዝቅ ብሎ ተናገረኝ። «እኔ አውቃለሁ ብዬ ከዚህ ብወጣ፣ የኔታ ፊት ምን ሆኜ እቀመጣለሁ? ያ የፋሲካው ክፍል ለእንዲህ ያለ ሰው አይሰጥም። ይልቅ ወደ እሳቸው ሂድ። ስለ እኛ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።»

በዚያው እግሬ የድጓው ቤት ሄድሁ። መላኩ በር ላይ ቆሞ ፊሽካ ነፋብኝ። ዘወር በል ብዬው ገባሁ። የኔታ እዚያው ቁርበታቸው ላይ ናቸው፤ በሳምንት ውስጥ ግማሽ ሆነዋል።

«የኔታ፣ ስለ ተማሪዎቹ እርስዎ ቢመሰክሩልኝ ብዬ ነው።»

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

«ያን ዕለት» አሉ፣ «ከፊቴ ቁጭ ብለህ እነሱን አንድ በአንድ ጠየቅህ። ሃያ ሦስቱንም ሰማሁ። ያን የቁራሽ ሌባ ሳይቀር ጠየቅኸው። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

በዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ የመምህር ረድፍ የለም። እኔም ሠላሳ ክንድ ከማይሞላ ቦታ፣ ሁሉን የሚያውቀውን ሰው ግንብ ተደግፎ ትቼ፣ የማይናገሩትን ሳናግር ነው የዋልሁት።

«በቅሎ አለህ?» አሉኝ።

በቅሎ ተውሼ፣ የኔታን አስቀምጬ፣ እየሳብሁ ዳገቱን አወጣኋቸው። ካፒታኖው ሽማግሌ ዓይነ ስውር ሲገባ ዓይቶ ወንበር አስመጣላቸው። ያን ያህል ሰውነት ነበረው፤ እሱን አልክደውም። በሩ ላይ የቆመው ያው አብሮኝ የሄደው አስካሪ ነው።

የኔታ ተናገሩ፤ እኔ ተረጎምሁ። በቃላቸው፣ ሳያቆሙ፣ ሃያ ሦስቱንም።

«የጋይንቱ ጉሮሮው አይሆንም፤ እጁ ግን የተባረከ ነው፤ ጸሐፊ ይሆናል፣ ብራና መፋቅ ጀምሬለታለሁ። የእስቴው ዜማውን ይዟል፣ መታገሥ ግን አያውቅም፤ ሁለት ዓመት ይቆይና ደብሩ ይመለስ፤ እዚያ መሪ የላቸውም። የፎገራው ልቡ ከበሬው ጋር ነው፤ በመጪው ጥር አግብተህ እረስ ብዬዋለሁ፣ ጥሩ ገበሬ ይወጣዋል። ኪዳኑ ጨርሷል። የፋሲካው ክፍል ነው የቀረው። ወንበሬ የእሱ ነው።»

እንዲህ እያሉ እያንዳንዱን ከነድክመቱ፣ ከነሚሄድበት አገር፣ ከነሚጠብቀው ሥራ አወረዱት። ካፒታኖው ነጠላ በሚያህል ወረቀት ሲፈልገው የነበረ ነገር ሁሉ አንድ ጭንቅላት ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። እኔ እየተረጎምሁ ላቤ ይወርዳል፤ የምጨምርበት ቦታ እንኳ አላገኘሁም።

ካፒታኖው ጽፎ ጽፎ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ይህ ሁሉ የት ነው የተመዘገበ?»

«ጆሮዬ ውስጥ» አሉ የኔታ።

ፊቱ ላይ አንዲት የተንኮል ነገር ስትመጣ አየሁ። ወረቀቱን ወደ ላይ ጠቅልሎ የመጀመሪያውን መስመር አወጣ፤ የእኔን።

«ጠይቃቸው» አለኝ። «ስለዚህ ስለ ጸሐፊዬስ የሚያውቁት አለ?»

አስካሪው ስለሚሰማኝ አስተካክዬ ጠየቅሁ።

«አለ እንጂ» አሉ የኔታ። «በቅሎውን እየሳበ ዳገት ለዳገት ሲያወራ ነው ያስታወስሁት። ልጅ ሳለ መጥቶብኛል። ምን ታውቃለህ ብዬ ብጠይቀው ሁሉን ቆጠረልኝ። ዳዊትንስ ብለው በቃሌ አለ። በል ብለው ከመካከሉ ሳይደርስ ቆመ። ከጀማሪዎቹ ጋር አስቀመጥሁት። አንድ ቀን ቁራሽ ሊለምን ወጥቶ ውሻ አባረረው፤ ግራር ላይ ወጥቶ ዋለ። ሲወርድ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ አገሩ ሄደ።»

ካፒታኖው ይጠብቀኛል።

«ጎበዝ ተማሪ ነበር ይላሉ» ብዬ ተረጎምሁ።

አስካሪው ይህን ጊዜ ሳል አልበቃውም። ካፒታኖው ጠራው፤ እሱም ከነውሻው፣ ከነግራሩ፣ ምንም ሳያስቀር ተናገረ። እንዲያውም ውሻውን ሁለት አደረገው።

ካፒታኖው አልሳቀም። ከመደርደሪያው አንድ የብራና ዳዊት አወረደ፤ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደ ነጠቁት እግዚአብሔር ይወቅ፣ ለቤቱ ጌጥ አድርጎታል። ለአስካሪው ሰጠውና እንዲህ አለኝ፦

«መዝገቡ ዳዊት በቃሉ ይላል። ሽማግሌው አያውቅም ይላል። ከሁለት አንዳችሁ ውሸታም ነው። ውሸታሙ እሱ ከሆነ ስለ ዘጠኝ ዓመቱ ሰውዬ የተናገረውም ውሸት ነው፤ ሰውዬው ከድንጋዩ አይነሣም።»

አስካሪው መጽሐፉን እንደ ወጣለት ገልጦ፣ ከኋለኛው ክፍል አንድ መስመር አነበበ። የኔታ ከዚያው ተቀብለው እንደ ውኃ አወረዱት። ካፒታኖው በእጁ ሲያመለክት አስካሪው ትከሻቸውን ነክቶ አስቆማቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ሌላ መስመር አነበበልኝ።

እዚህ ላይ ኪዳኑን አስቤ፣ ስለ እሱ ስል አፌን ዘጋሁ ብላችሁ እንዴት ደስ ባለኝ። እንዲህ አልነበረም። ባውቀው ኖሮ አንበለብለው ነበር። ማኅተሜን ለማዳን ስል ኪዳኑን እዚያው ድንጋይ ላይ ትቼው ነበር። አፌን ከፈትሁ፤ የሚወጣ ጠፋ። ከንፈሬን አርጥቤ ደግሞ ከፈትሁ። በመስኮቱ ዝንብ ገብታ እስክትወጣ ድረስ ቆምሁ።

«ምንም አያውቅም» አለ ካፒታኖው። በአማርኛ ነው ያለው፤ ያቺን ቃል መዝገቡ ላይ ደጋግሞ ሲያገኛት በእኛ ቋንቋ እንዴት እንደምትባል ጠይቆኝ ነበር።

ከዚያ ብዕሩን አንሥቶ አሰበ። የድንጋይ ፈላጮቹ ቁጥር ሃያ ሦስት ተብሎ ወደ ጎንደር ተልኳል፤ የተላከ ቁጥር አይጎድልም። ስለዚህ ነገሩን እንዴት እንደ ፈታው ልንገራችሁ። የኪዳኑን መስመር ሰርዞ «መምህር» አለው። የእኔን መስመር ሰርዞ «ድንጋይ» አለው። ቁጥሩ ሃያ ሦስት ሆነ። በሥራው ረክቶ ወረቀቱ ላይ እፍ አለበት፤ ቀለሙ እንዲደርቅ።

«ሌሎቹስ?» አሉ የኔታ።

ተረጎምሁ።

«በያንዳንዱ ምትክ አንድ የማያውቅ ሰው ያምጣልኝ» አለ።

የኔታ ከወንበራቸው ተነሡ። ክንዳቸውን ይዤ ወደ በቅሎዋ ሳወጣቸው «ደግሞ ውሻ ቢመጣ እንዳትሄድ» አሉኝ።

በማግስቱ ኪዳኑ መዶሻውን ለእኔ አስረክቦ ሄደ። ከድንጋዩ ላይ ስንተያይ ምንም አላለኝም፤ ደግ ሰው ነው። የጋይንቱ ግን ቦታ ለቀቀልኝና «ና ጌታው፣ ከአላዋቂዎቹ ጋር ቁጭ በል» አለኝ። ተማሪዎቹ ድንጋዩን እየመቱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ቀለማቸውን እየቀጸሉ፣ የተማሩትን በቃላቸው እየወጡ ነው። እኔ መዶሻዬን ብቻ ነው የምሰማው። የጋይንቱ ያ ለብራና የተባረከ እጁ በክረምቱ መግቢያ ላይ ሁለት ጣት በድንጋይ ተጨፍልቆ ቀረ። ያን ካፒታኖ ዛሬ ባገኘው በዚያ በጠራ ጥፍሩ ላይ የማደርገውን እዚህ አልጽፈውም። ጣልያን እስኪወጣ ድረስ አንዳቸውም ከመንገዱ አልተነሡም። መላኩ በፊሽካው የሚሰበስበው ተማሪ ሲያጣ ካፒታኖው ባዶ ጎጆ እንዲቆጥር አደረገው፤ ቆጠራውንም ይጨምርበት ነበር አሉ።

የኔታ የፋሲካውን ክፍል ለኪዳኑ አስረክበው፣ ያን ክረምት ሳይወጡ አረፉ። ዛሬ በወንበሩ ላይ ያለው እሱ ነው። ሲመራ ብትሰሙት ሰው አይመስላችሁም። አንድ ቦታ ብቻ፣ ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ፣ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ የዚያ አቧራ ነው። እዚያ ላይ ስንደርስ እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

ተማሪዎቹ በዓል ሲሆን ሽበቴን ዓይተው ቦታ ይለቁልኛል፤ አንዳንዱም «አባ፣ እርስዎ እስከ የት ተምረዋል?» ይለኛል። ዳዊት አልጨረስሁም። ሠላሳ ሰባተኛው መዝሙር ላይ ነው የቆምሁ፤ ውሻውም አንድ ነበር፣ ያውም ቡችላ።